ከአቡጀዲው ሥር

መጀመሪያ የተሰማት ሳቅ ነው። ከመኪናው ሳትወርድ፣ ጅቡቲ ከተማ ዳር የራስ ዲካን ባሕር የሚጋርደው ግንብ ገና ሳይታለፍ፣ ከወዲያ በኩል ብዙ ወንዶች እየተቀባበሉ ሲስቁ ሰማች። በሳቁ መሀል አንዱ ድምፁን አቅጥኖ፣ "ወይኔ ልጄን! ወይኔ የኔ አበባ!" እያለ እንደ ሴት ያለቅሳል። ከዚያ ደግሞ ሳቅ።

"ምንድን ነው?" አለች ፅዮናዊት።

"ሙታኑ ናቸው" አለ በፍቃዱ ሞተሩን እያጠፋ። "እየተለማመዱ ነው።"

በፍቃዱ ጅቡቲ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ የፈለገውን ሁሉ የሚያገኝለት ሰው ነው። መኪና፣ ፈቃድ፣ ጀልባ፣ አስተርጓሚ። ዛሬ የተጠየቀው ግን ሰው ነበር። ከከተማው ዳር ካለው ከሃያብለ ሰፈር ሄዶ፣ በቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ተጠጋግተው ወደ የመን የሚያሻግር ጀልባ ከሚጠብቁት ልጆች ጥቂቶቹን መርጦ፣ ሳይነጋ አምጥቷቸዋል።

ፅዮናዊት የማስታወቂያ ሰው ናት። ድሬዳዋ ከምድር ባቡር ሠራተኛ ተወልዳ፣ በሬዲዮ የሳሙና ማስታወቂያ በማንበብ ጀምራ፣ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ዱባይ እያለች፣ አሁን ለንደን ባለ ትልቅ ኩባንያ የፈጠራ ዳይሬክተር ሆናለች። ስሟን ያስጠራት አንድ ነገር ነው፤ ተዋናይ አታሠራም። የቡና ማስታወቂያ ከሆነ ቡናውን የለቀመችውን ሴትዮ ታቆማለች። የባንክ ከሆነ ጉልት የምትቸረችረውን እናት። "ፊት አይዋሽም" ትላለች በየስብሰባው። ለንደን መደርደሪያዋ ላይ የተኮለኮሉትን ሽልማቶች ሁሉ ያመጣላት ይኸው አባባል ነው።

የዛሬውን ሥራ ያዘዘው ልጆች እንዳይሰደዱ የሚያስተምር የአውሮፓ ድርጅት ነው። በወሎና በሐረርጌ ከተሞች የሚሰቀሉ ትልልቅ ሥዕሎች ይፈልጋል። ሐሳቡን ያፈለቀችው እሷ ናት። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ የተጋደመ ሬሳ፣ በነጭ አቡጀዲ የተሸፈነ፣ ፊቱ ብቻ የተገለጠ። በላዩ ላይ ጽሑፍ፣ "መንገድህ እዚህ አለቀ።" ይህን ለንደን ላይ ስታቀርብ ክፍሉ ጭጭ አለ። በማስታወቂያ ሰዎች ዘንድ ከእንዲያ ያለ ዝምታ የሚበልጥ ጭብጨባ የለም። ሥራው ካማረ የአፍሪካ ቢሮዎች በሙሉ በእሷ ሥር ይሆናሉ። ካላማረ፣ ለወንበሩ ያቆበቆበ ሌላ ሰው አለ፤ ያውም በዕድሜ የሚያንሳት።

ግንቡን ዞረው ሲደርሱ ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው እርጥብ ነበር። ከሩቅ የአሮጌው ወደብ ክሬኖች አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል፤ ውሃ ሊጠጡ መጥተው ውሃው የሸሻቸው ግመሎች ይመስላሉ። ፎቶ አንሺዋ ሁዳ ካሜራዋን ደግና ጨርሳለች። ሁዳ የጅቡቲ ልጅ ናት፤ አማርኛውን የተማረችው ቤታቸው ተቀጥራ ካሳደገቻት የኮምቦልቻ ሴት ነው።

"ቶሎ በሉ" አለች። "ፀሐይዋ ከወጣች ሬሳውም ያልበዋል።"

ፅዮናዊት የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። ከቅድም ጀምሮ ሲያለቅስ የነበረው ከበበው የሚባል ቀጭን፣ ጥርሱ ወጣ ያለ ልጅ ነው። ሳቁ ከፊቱ አይጠፋም፤ እሱን አለፈችው። ከጎኑ የቆመውን ጫላ የሚባል ልጅ መረጠች።

ጫላ ተጋደመ። በፍቃዱ አቡጀዲውን እስከ አገጩ አለበሰው።

"ምነው እኔን ባደረገኝ!" አለ ከበበው ከዳር። "ተኝቶ የሚበላ ሰው አየሁ!"

"ዝም በል አንተ፣ ታስቀኛለህ" አለ ጫላ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ሬሳ አይናገርም!"

"ዋርያ!" አለች ሁዳ በሶማልኛ ገስጻ። "አታስቁት፣ ብርሃኑ ሊያልፍብኝ ነው።"

ፅዮናዊት ተንበርክካ ቅንድቡ ላይ ጥቂት አሸዋ በተነች። ልጁ ገና ጢም አላወጣም። "ጎበዝ። አሁን ትንፋሽህን ያዝ።"

"እትዬ" አለ ጫላ እንደተጋደመ። "ሥዕሉ የት ነው የሚሰቀለው?"

ኮራ ብሎ የመለሰለት በፍቃዱ ነው። "የት የማይሰቀልበት አለ! ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐረር፣ ባቲ… ታዋቂ ልትሆን ነው።"

"ባቲ የት?"

"ገበያው መግቢያ ላይ። ሰኞ ሰኞ አገር ምድሩ የሚያልፍበት።"

ሬሳው ተነሥቶ ቁጭ አለ።

"ኧረ ተነሣ! ሰዎች፣ ተነሣ!" ብሎ ከበበው ሲጮህ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ጫላ አልሳቀም።

"እናቴ ሰኞ ሰኞ እዚያ በርበሬ ትሸጣለች" አለ።

"ታዲያ ታይሃለቻ!" አለ በፍቃዱ።

"አዎ፣ ታየኛለች። ማንበብ አትችል፤ ጽሑፉ ምን እንደሚል አታውቅ። የምታየው እኔን ነው። ከፈን ለብሼ።"

ፅዮናዊት ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። "ይኸው፣ አሁኑኑ ደውልላት። ፎቶ ልነሣ ነው፣ የውሸት ነው በላት።"

"የት ሆኜ ነው የምነሣው ልበላት? ሰመራ የግንብ ሥራ ይዣለሁ ነው ያልኳት።" አሸዋውን ከቅንድቡ ጠረገ። "እሺ፣ ነገርኳት እንበል። የሚሰቀለው መቼ ነው?"

"በሚመጣው ወር።"

"በሚመጣው ወር እኔ ወይ ባሕር ላይ ነኝ፣ ወይ የመን በረሃ ነኝ። ስልክ ይኑረኝ አይኑረኝ አላህ ነው የሚያውቀው። የኔ ድምፅ ጠፍቶ ከፈኔ ገበያ መሀል ሲሰቀል፣ የውሸት ነው ብሎ ማን ያሳምናታል? አንቱ ሄደው ይነግሩልኛል?"

"ሥዕሉ የሚሰቀለው እኮ እንዳንተ ያለ ልጅ እናቱ ጋ እንዲቀር ነው።"

"እኔማ አልቀረሁም" አለ ጫላ። "አይቼውም ቢሆን እመጣ ነበር።"

ሁዳ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። ፅዮናዊት ደሟ ሲፈላ ተሰማት። ከሚኒስትር ጋር ተከራክራ የረታች፣ ባለፋብሪካ የሚፈራት ሴት፣ አሁን አሸዋ ላይ ተንበርክካ አንድ ጎረምሳ ትለምናለች።

"ስማኝ ጫላ፣ ሥዕል ነው። ትተኛለህ፣ ትነሣለህ፣ አለቀ። በሥዕል የሞተ ሰው የለም።"

"እንግዲያው አንቱ ይተኙ።"

"ልክ ነው!" አለ አንዱ። "ዳይሬክተሯ ትተኛ!"

"እኔ አለቅስልዎታለሁ፣ በነፃ!" አለ ከበበው።

ፅዮናዊት ጫማዋን አወለቀች። በዚህ ሥራ እዚህ የደረሰችው አትችልም የተባለችውን ሁሉ ፊት ለፊት እያደረገች ነው፤ አሁንም የምታሳያቸው መሰላት። ጫላን በእጇ ገለል አድርጋ ቦታው ላይ ተጋደመች፤ አቡጀዲውንም ራሷ ስባ እስከ አገጯ ለበሰች።

ጨርቁ አዲስ ነው። ገና የሱቅ ሽታው አለቀቀውም። ድሬዳዋ አባቷ ያረፉ ዕለት ከሱቅ በጥድፊያ ተገዝቶ የመጣው መገነዣ እንዲህ ይሸት ነበር። እናቷ ወይዘሮ አበሩ ያንን ጨርቅ አቅፈው እንዴት እንደተቀመጡ ትዝ አላት። ልጃቸው አውሮፕላን በተሳፈረች ቁጥር "ደረስኩ" እስክትል እህል የማይቀምሱት እናቷ። ከታች የአሸዋው እርጥበት ወደ ጀርባዋ ገባ።

"ፅዮን" አለች ሁዳ፣ በካሜራዋ እያየች። "ዋላሂ፣ ያምራል። አንዴ ላንሣሽ?"

"እንዳታነሺኝ!"

ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ከወጣ በኋላ ነው። ዓይኗን ገለጠች። ልጆቹ ከላይ ከበው ያዩዋታል። ይስቃሉ ብላ ጠበቀች፤ አንድም የሳቀ የለም።

ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። "ጫላ አይተኛም" አለች።

የድርጅቱ ተወካይ ሎረን የደረሰችው ይኼኔ ነው፤ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ አድርጋ፣ አሸዋው ጫማዋ ውስጥ እንዳይገባ እየመረጠች። ፅዮናዊት የሆነውን በፈረንሳይኛ ባጭሩ ነገረቻት።

"ጨርቁን ብቻ እናነሣለን" ብላ ጨረሰች። "ማንም ሳይተኛበት።"

"ባዶ ጨርቅ?" ሎረን ፈገግ አለች። "ውዴ፣ የሳሙና ማስታወቂያ አደረግሽው እኮ። ፊት አይዋሽም ያልሽን አንቺ ነሽ። በጀቱን ያስፈቀድኩት ለፊት ነው።"

"ሐሳቤን ቀየርኩ።"

"ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ? ለንደን ላሉት አለቆችሽ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?"

"ያየሽውን ጻፊላቸው።"

ሎረን አልተቆጣችም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆች በባሕር እንዳይሞቱ ከልቧ የምትሠራ ሰው ናት። ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ልጆቹን ስታያቸው ቆየችና መላ እንዳገኘ ሰው ፊቷ በራ።

"ችግሩ እናቱ ከሆነች እኮ ቀላል ነው። በፍቃዱ፣ እናት የሌለው ካለ ጠይቅልኝ።"

በፍቃዱ ፅዮናዊትን አየ፤ ሎረንን አየ። "እ… ልጆች፣ ማዳም የምትለው… ከመካከላችሁ እናት የሌለው አለ ወይ ነው።"

ንፋሱ የአቡጀዲውን ጫፍ አነሣና መልሶ ጣለው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከዳር በኩል አንድ ቀጭን እጅ፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ፣ ወደ ላይ ወጣ።

"እኔ" አለ ከበበው።

"ተው አንተ" አለ ጫላ።

"ምን አለበት? ሳላውቃት ነው የሞተች። አባትም የለኝ።" ጥርሱ እንደ ልማዱ ብቅ አለ። "እኔን ይስቀሉኝ። የትም ገበያ ቢሰቅሉኝ የሚደነግጥ የለም።"

"ምን አለ?" አለች ሎረን፤ ግን የተነሣው እጅ ነግሯት ነበር። "ይኸው! ተፈታ።"

ከበበው ካናቴራውን በአንገቱ አውልቆ አሸዋው ላይ በርከክ አለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ፅዮናዊት አየችው። በዚህ ሁሉ ዓመት ፊት ሲያድን የኖረው ዓይኗ አልተኛም፤ ከጫላ ይልቅ የሚፈለገው ይኸኛው መሆኑን ወዲያው ነገራት። ሳቅ የለመደ ፊት ሳቁን ሲወስዱበት የሚሆነውን ታውቃለች። ሥዕሉ ተሰቅሎ ታያት። ለንደን ላይ ክፍሉ ጭጭ ሲል ሰማች። ወንበሩም ታያት። የሚደነግጥ እናት የለም፤ የሚጠይቅ ዘመድ የለም። የቀረው "ተኛ" ማለት ብቻ ነው።

ጎንበስ ብላ አቡጀዲውን ከአሸዋው አነሣችና አንዱን ጫፍ ለከበበው ሰጠችው።

"ያዝ።"

"ልተኛ አይደል እንዴ?"

"ተነሥና ያዝ። ዘርጋው።"

ልጁ ግራ ተጋብቶ ተነሣ። በግራና በቀኝ ይዘው አሸዋውን አራገፉት። ንፋሱ መሀሉን እንደ ሸራ ነፋው። እጥፍ አደረገችው፤ እሱም እያያት እጥፍ አደረገ። ጫፍ ከጫፍ ሊያገናኙ ወደ እሱ ስትራመድ፣ ልጁ ወደ እሷ መምጣት እንዳለበት አላወቀም። ጨርቅ ከሰው ጋር አጥፎ የማያውቅ ልጅ ነው። የእሱን ጫፍ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ጠበቃት። ደረሰችና ከጣቶቹ ላይ ተቀበለችው።

"ፅዮናዊት?" አለች ሎረን። "ምን እያደረግሽ ነው?"

ፅዮናዊት የታጠፈውን አቡጀዲ ብብቷ ሥር አደረገች። ጫማዋን በእጇ አንጠለጠለች። በልጆቹ መሀል አልፋ፣ ግንቡን ዞራ፣ ወደ መንገዱ ወጣች። በፍቃዱ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ከኋላዋ ሮጠ። መኪናውን አልፋ ሄደች።