ላሚቱ የላሰችው ጎማ

ባሌ ቴሚርኩል በመጋቢት ሲሞት ትራክተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ታላቅ ወንድሙም ዓይኑን ጣለበት። እኛ ናሪን ተራሮች ዘንድ ምራት የባሏን ታላቅ በስሙ አትጠራም። "ባይኬ" እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው፤ እሱም ሲበዛበት ነው።

አማቴ ፍርዱን በአንድ ቃል ጨረሱት። "በረዶ ሳይጥል ዳገቱን ካረስሽ ትራክተሩ ያንቺ ነው። ከተንሸራተተብሽ የእሱ።"

ዳገቱ ቀልድ አያውቅም። የኋላ ጎማዎቹ ውሃ ጠጥተው ካልከበዱ እዚያ ላይ አፈር እየበተኑ ይቀራሉ። ቴሚርኩል ሲሞላ ስንት ዓመት ቱቦ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማን ሊያስተምረኝ! ትራክተሩን በክሪክ አነሳሁና ቫልቮላው ወደ ላይ እስኪመጣ ጎማውን አዞርኩት። በርሜል በረቱ ጣራ ላይ ሰቅዬ ውሃ ሞላሁና ቀዩን የኮችኮር ማዕድን ጨው አሟሟሁበት፤ ቱቦውንም ከበርሜሉ አውርጄ ቫልቮላው ላይ ሰካሁ።

ባይኬ አጥር ተደግፎ ይስቃል። "ኧረ አንቺ ሴት፣ ጎማ ነው ሾርባ የምትሠሪው? ባዶ ውሃ አይበቃውም?"

"ጨው ከሌለው የናሪን ጥቅምት ውሃውን ግግር ያደርገዋል፣ ባይኬ። ግግር በረዶ ላይ እርስዎ ይንዱ።"

"እንግዲያው እስከ አፉ ሙዪዋ!"

"አየሩስ የት ይግባ? ቫልቮላው ጋ ሲደርስ ይበቃዋል።"

ቱቦውን ነቀል እያደረግኩ አየሩን አስተነፈስኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ሁለቱም ጎማዎች ሲሞሉ ግቢውን አንድ ዙር ነዳሁና በሩ ጋ አቆምኩት። ያን ማታ እንደ ኩሩ ሰው ተኛሁ።

ጠዋት ስወጣ የባይኬ ላም ግራውን ጎማ ትልሳለች። እሱ ሆዱን ይዞ፣ "ሾርባሽ ጣፈጣት!" አለኝ።

እኔ ግን ክው አልኩ። ላም ደረቅ ጎማ ምን ብላ ትልሳለች? ጎንበስ ብዬ ብዳስሰው፣ ወደ ታች የዞረው ቫልቮላ ጠብ ጠብ ይላል። ባዶ ውሃ ቢሆን ኖሮ ማን ይነግረኝ ነበር? ዳገቱ መሃል ነበር የሚያዋርደኝ። ላሚቱን ግንባሯን ሳምኳት። ቫልቮላውን ቀይሬ የጎደለውን ሞላሁና ማረሻውን ጎትቼ ወጣሁ።

ጎማው አንዴም አልተንሸራተተም። ጫፍ ስደርስ ቴሚርኩል ትዝ አለኝና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ አዙሬ እስከ መጨረሻው ትልም አረስኩት።

አማቴ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ውለዋል። ስመለስ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ሂድ፣ ላምህን እሰር" አሉት። "ትራክተሩ ባለቤት አለው።"