የተቆረጠው የበረዶ ንብርብር

«እስቲ አጉዪው» አሉ ሽማግሌው የጂኦሎጂ መምህር፣ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ እየሳቡ። «ዓይኔ ነው የደከመው ወይስ አንቺ ነሽ ያበድሽው?»

ተማሪያቸው አጎላችው። የማርስ ሰሜን ዋልታ ገደል ስክሪኑን ሞላው፤ በረዶና አቧራ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበዋል። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህ ክምር ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ እንደተጠራቀመ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጡረታ ስንብት ንግግር የሚያደርጉትም በዚሁ ላይ ነው። እሷ ግን ትናንት በደረሳት አዲስ ምስል ሌላ ነገር አየች፤ የታችኞቹ ንብርብሮች በሰያፍ ተቆርጠው አዲሶቹ በላያቸው ተኝተዋል።

እናቷ በስልክ «የሰውዬውን ቀን አታበላሺባቸው፤ ሌላ ጊዜ ብትነግሪያቸው ምናለ? ፕላኔቷ እንደሆነች የትም አትሄድ!» ብላት ነበር። ልትሰማት ምንም አልቀራትም። ጠዋት የቢሯቸው በር ላይ ስትደርስ ግን ሆዷ አልችል አለ።

«ጥላ ይሆናላ!» አሉ መምህሩ የተቆረጠውን ቦታ አይተው።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ። ፀሐይ በሌላ አቅጣጫ ሳለች የተነሣውንም ምስል አየሁት። ያው ነው።»

«ስለዚህ በረዶው…»

«አንድ ዘመን ዋልታው ሞቆ ከፊሉ በኖ ጠፍቷል። ኋላ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተጠራቀመ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አሁንም ጠረጉት። ነገ ሥራ ስትፈልግ የሚመሰክርላት ከእሳቸው ሌላ ሰው የላትም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ባላመጣው…»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ እውነት ከሆነ ምን ይቅርታ ያሻዋል?» ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ይርገፈገፍ ጀመር። «በዚህች የፈተና ጥያቄ ስንቱን ተማሪ ጥያለሁ መሰለሽ! አሁን ሁሉም ውጤቴ ይስተካከል ብሎ ሊመጣብኝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጥተው «ንግግሬ ዛሬ ጠዋት ተሽሯል፤ የሻረችው ትናገር» አሉና ወርደው ከተማሪዎች መካከል ተቀመጡ።

ተማሪዋ ምስሉን አሳይታ ስትጨርስ አንድ ሰው ከኋላ «ታዲያ እሳቸው ተሳስተው ነበር ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

አለሳልሳ ልትመልስ ቃል ስትፈልግ ዓይኗ ከመምህሯ ዓይን ጋር ገጠመ። በቅንድባቸው «በይ እንጂ» አሏት።

«አዎ» አለች።

ሽማግሌው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «በረዶው ጠፍቶ ምን ያህል ዘመን ቆየ?»

«እስካሁን አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የቢሮዬን ቁልፍ አልመልስም» አሉ ሽማግሌው።