ከውስጥ የሚዘጋ ክፍል

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

የአናጢው ታናሽ ወንድም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሚስቱ ግን የሻይ ብርጭቆዎቹን እንደታቀፈች ቁጭ አለች። ለቅሶ ከመጡት ሰዎች ማንም ልብ አላለም፤ አናጢው አየ። ሚስቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ያስተማረችው እሷ ነበረች።

«ሻይ ይደገምሽ?» አላት አናጢው የወንድሙን ሚስት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ባሏን አየች።

«እንኳን ዳኛዋ አላየችሽ፣» አለ ወንድሙ፣ ሟቿን ሲያሾፍባት በሚጠራበት ስም እየሳቀ፣ «ይሄኔ ትመረምረን ነበር!»

ሟቿ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸውን ሴቶች ስትረዳ ሃያ ዓመት የኖረች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ቤቷ ድረስ ይከተላት ነበር። በር ሲላተም ትበረግጋለች፤ የትም ብትቀመጥ ጀርባዋን ለበር አትሰጥም፤ ሁልጊዜ ወደ በር በሚዞረው ወንበሯም አናጢው ያሾፍ ነበር። አናጢው ገና ሲቆጣ ዐይኗ እጁ ላይ ያርፋል። «እኔንም ከነሱ ቆጠርሽኝ?» እያለ ስንቴ ተቀየማት!

የዛሬ ዓመት ይህችኑ የወንድሙን ሚስት ኩሽና ወስዳ «ቤትሽ ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ወንድሙ ሰምቶ ቤቱን አመሰው። አናጢውም፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል፣ ከወንድሙ ጎን ቆመ።

«ሥራሽን ቢሮ ትተሽ ነይ!»

«ኮት አደረግከው እንዴ፣ አውልቄ የምሰቅለው?»

ሳምንት ተኳረፉ። ከዚያ «የእንግዳ ክፍሉን ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ግጠምልኝ» አለችው።

«ለማን?»

«ለምትመጣው።»

እያጉረመረመ ገጠመው። ማንም አልመጣም።

ለቀስተኞቹ ወጥተው ሲያልቁ አናጢው ተነሣ።

«አንተ፣ የተዋስናቸውን ወንበሮች ለጎረቤት መልስልኝ።»

«አሁን? ጋሼ ደግሞ!»

«አሁን።»

ወንድሙ ወንበሮቹን እያንኳኳ ሲርቅ፣ አናጢው ሴትዮዋ ፊት ጎንበስ አለ።

«እሷ የጠየቀችሽን እኔም ልጠይቅሽ። ቤትሽ ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?»

ብርጭቆዎቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬን ዋሸኋት፣» አለች። «እሱ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር።»

«አሁን የለም።»

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስ እኔ አለሁ። ያኔ አልነበርኩም።»

የእንግዳ ክፍሉን ከፈተላት። አንሶላው ሚስቱ እንዳነጠፈችው ነው።

«ከውስጥ ዝጊው። እኔም ብሆን ባንኳኳ፣ ካልፈለግሽ አትክፈቺ።»

መቀርቀሪያው ቋ አለ። ከውጭ የወንድሙ ኮቴ ተሰማ። አናጢው ሲያሾፍበት የኖረውን የሚስቱን ወንበር ሳበ፤ ጀርባውን ለክፍሉ፣ ፊቱን ለውጭው በር ሰጥቶ ተቀመጠ።