ለሰኞ የተወለወለ ጫማ

«ሬሳው ቤት ሳይገባ የትምህርት ቤት ወሬ?» አለች የኬሌቦኔ አክስት ዲሴቦ። ድምጿን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ቁጣዋ ይጨምራል። የሊጡን ሳፋ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳለች። «ገና ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ወንድሜን እንቅበረው፤ ከዚያ ስለ ሒሳብሽ እናወራለን።»

«አርብ ያልቃል፣ አክስቴ።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ወደ ሒሳብ መመለሻው። አርብ ማታ ስማችን ወደ ትምህርት ቢሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በያዝኩት ነው የምቀጥለው።»

«ቀጥዪያ በያዝሽው። ሰባ ስምንት አምጥተሽ የለ? ሰባ ስምንት አምጥታ የምታለቅስ ልጅ ዛሬ ገና አየሁ።» ዲሴቦ የተዳመጠውን ሊጥ በብርጭቆ አፍ እየቆረጠች ትሪ ላይ ደረደረች። ከኋላዋ ለለቀስተኛ የተጋገረው ብስኩት ባልዲ ሞልቶ ተከድኗል።

«እናቴ ብትመጣልኝ...»

«እናትሽ? ከፍራሹ ተነስታ ከዚህ አጥር ብትወጣ የሰፈሩ ሰው ምን ይላል? ባሏን ሳትቀብር አደባባይ ወጣች ነው የሚሏት። ዕድሜ ልኳን አይለቋትም። በይ ይህን ሻይ ውሰጂ። እንዳትደፊው።»

ኬሌቦኔ ትሪውን ተቀበለች። ሲኒዎቹ እርስ በርሳቸው እየተንጫጩ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

የመኝታ ክፍሉ አልጋና ቁም ሣጥን ወጥቶለት ባዶ ሆኗል። መስታወቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። እናቷ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጥግ፣ ብርድ ልብሷን ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በግራና በቀኟ የሰፈሩ አሮጊቶች አሉ። ከእሑድ ጀምሮ ለአፍታ እንኳ ብቻዋን አልተዋትም።

ኬሌቦኔ ሲኒውን ስታቀብላት ጎንበስ ብላ «እማ፣ አርብ የመጨረሻው ቀን ነው» አለች በሹክሹክታ።

እናቷ ሲኒውን እንጂ እሷን አላየችም።

«ምን አለች?» አሉ ጆሮ የከዳቸው አሮጊት።

«ስኳር ይጨመር ወይ ነው የምትለው» አሉ ሌላኛዋ።

«ይጨመር እንጂ! ሐዘን ራሱ መራራ ነው።»

ከመስኮቱ ሥር የአባቷ ቡናማ ጫማ ቆሟል። እዚያ ያስቀመጡት አስከሬኑን የሚያለብሱት ሽማግሌዎች ፍለጋ እንዳይቸገሩ ብለው ነው። ኬሌቦኔ ሻይ ባስገባች ቁጥር ላለማየት ትሞክራለች።

ጫማውን የወለወለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። አባቷ ሞሃፒ ፀሐይ ላይ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ተቀምጦ፣ በጨርቅ ያሸዋል፣ ይተፋበታል፣ መልሶ ያሸዋል።

«ነገ ከሥራ ቀርተህ ነው የምትመጣው?» አለችው።

«ቀርቼ ነው። ነገ ዘንግ ያዥ ሆኜ አልሄድም፤ የኬሌቦኔ አባት ሆኜ ነው የምሄደው። መምህርሽ ያን ጊዜ ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ። አሁን ደግሞ እኔ መልስልኝ እለዋለሁ።»

«እምቢ ካለህስ?»

«እሺ እስኪለኝ እቆማለሁ። መቆም እንደሆነ ሥራዬ ነው።» ሳቀ። ሁለተኛውን ጫማ ከአንደኛው ጎን አስቀመጠ፤ እጁን ሊታጠብ ተነሳ፤ ቧንቧው ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ጫማዎቹ እንደ ተጣመሩ እዚያው ቀሩ።

የመቆሙ ነገር እውነት ነው። ሃያ ዓመት ከቀያሾች ጋር ሠርቷል። ቀያሹ ከማዶ ሆኖ በመነጽሩ ሲያይ፣ ሞሃፒ ቀይና ነጭ የተቀባውን ረጅም ዘንግ ኮረብታ ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ መንገድ ዳር ይዞ ይቆማል። አሥር ዓመት ሲሞላት አንድ ቅዳሜ ይዟት ሄዶ ነበር። ዘንጉ ላይ ያለውን ትንሽ የውሃ ልክ አሳያት፤ አረፋው ከክቡ መሃል እንዳይወጣ በሁለት እጇ አስያዛት።

«ማን ነው የሚያየን?» አለች።

«ያ ማዶ ያለው።»

«እኛስ ምን እናያለን?»

«እኛ አረፋውን ነው የምናየው። ቁጥሩ የሚታየው ለእሱ ነው።» ከዚያ ዘንጉን አቃንቶላት «አንቺ ግን እዚያ ማዶ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ስትባል ቀያሽ ትላለች። የከተማቸው የቦትሻቤሎ ልጆች ስቀውባታል፤ እሷ ግን አልቀየረችም።

የቀየረችው ሒሳቡን ነው። ትምህርት ቤታቸው ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለ። አንዱ ሒሳብ ነው፣ በቃ። ሌላው የመብራት ክፍያ፣ የባንክ ወለድና የካርታ ንባብ የሚማሩበት ነው፤ ልጆቹ የሱቅ ሒሳብ ይሉታል። አሥረኛ ክፍል እንደገባች በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ሠላሳ አንድ አመጣች። ትምህርት ቤቱ ከአርባ በታች ያመጡትን ሁሉ ወላጅ እያስጠራ ወደ ሁለተኛው አዛወረ። አባቷ መጥቶ ፈረመ። ለእሱ ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ ነጥብ ከፍ ካለ ልጅ ጎበዘ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት እንዳለ ኬሌቦኔ በወሬ ሰምታለች። ግን ዳግመኛ ሠላሳ አንድ ማየት ስላስፈራት አልነገረችውም። ሰባ ስምንት ስታመጣ ለሥራ ጓደኞቹ ሁሉ የተጠበሰ ሊጥ ገዝቶ አበላ።

ረቡዕ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ሆና ለመምህሯ ደወለች።

«ነፍስ ይማር፣ ልጄ» አለ መምህር ማኬታ። «ስለ ሒሳቡ ግን በስልክ የምችለው ነገር የለም። ወላጅ ፊቴ ቀርቦ መፈረም አለበት። አባትሽ የሉም፤ እንግዲህ እናትሽ ናቸው።»

«እናቴ ፍራሽ ላይ ናት፣ ቲቸር።»

ፍራሽ ላይ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እሱም የዚያው አገር ሰው ነውና ያውቃል። «ነገ ማታ ለጸሎት እንመጣለን» አለ በመጨረሻ። «በርቺ።»

ነገ ማታ። ኬሌቦኔ ቀኑን ሙሉ ይህን ስታሰላስል ዋለች። ይመጣል፤ ግን ለጸሎት ነው የሚመጣው። በጸሎት መሃል ስለ ሒሳብ ማን ይናገራል? እሷ ብትናገር አክስቷ በሰው ፊት ታስወጣታለች። እናቷ ደግሞ ከጸሎትና ከአሜን በቀር እስከ ቀብሩ ድረስ ቃል ማውጣት አይገባትም።

ማታ የአባቷ የሥራ ባልደረቦች መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የዝንጅብል ቢራ ይጠጣሉ። ወሬውን የያዘው ጋሽ ቴኮ ነው፤ እሱም ዘንግ ያዥ፣ ከሟቹ ጋር ያረጀ ሰው።

«እኛ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው» አለ። «ቀያሹ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ከፍ ዝቅ ካደረገ ጨርሻለሁ፣ መሄድ ትችላለህ ማለት ነው። ካላደረገ ዘንግ ያዡ ንቅንቅ የለም። አንድ ክረምት ላይ ቀያሹ ምልክቱን ረስቶ ምሳ ሊበላ መኪና ውስጥ ገባ። እኛም በላን። ቡና ደገምን። ሞሃፒ የት አለ? ወጥተን ብናይ ኮረብታው ላይ እንደ ስልክ እንጨት ቆሟል፤ ጢሙ ላይ ውርጭ ሠርቶበታል።»

«ሞኝ!» አለ አንዱ እየሳቀ።

«እኔም እሱኑ አልኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹እጁን አላነሳማ› አለኝ።»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው፤ ቀስ በቀስም ጠፋ። አንዱ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

ጋሽ ቴኮ ሲወጣ ኬሌቦኔ አጥሩ በር ላይ ጠበቀችው። «ጋሼ፣ አባቴ ያለፈው ቅዳሜ ምን ሆኖ ነው የመጣው? ቤት ሲገባ እራቱን ሳይቀምስ ነው ሰኞ ትምህርት ቤትሽ እመጣለሁ ያለኝ።»

ጋሽ ቴኮ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «አዲስ ቀያሽ ተመድቦልናል፤ ሬፊልዌ የምትባል ልጅ ናት። አባትሽ እንደ ልማዱ የኔዋም ሰባ ስምንት አምጥታለች፣ እንደ አንቺ ልትሆን ነው አላት። የትኛውን ሒሳብ ነው የያዘችው አለችው። ስንት አለ እንዴ አላት። በሱቁ ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል፣ ለቅየሳ ግን አይቀበሏትም፤ ለምህንድስናም፣ ለፋርማሲም አይሆንም ብላ አስረዳችው። ክፋት የላትም፤ ቀስ ብላ ነው የነገረችው።»

«እሱስ?»

«እስከ ቦትሻቤሎ ድረስ እጁን እያየ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ‹ቴኮ፣ እኔ በእጄ ፈርሜ› አለኝ።»

ሐሙስ ማታ መምህራንና የክፍሏ ልጆች መጡ። ልጆቹ ከዩኒፎርማቸው ላይ ሹራብ ደርበው ግቢው ውስጥ ዘመሩ። በብርዱ ትንፋሻቸው እንደ ጢስ ይወጣል። ኬሌቦኔ አልዘመረችም። አክስቷ እንግዶቹን ወደ መኝታ ክፍሉ ስታስገባ ተከትላ ገብታ ግድግዳው ሥር ቆመች።

መምህር ማኬታ በሩ ላይ ተንበርክኮ ጸለየ። «አሜን» ተባለ። ኮፍያውን አንስቶ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ሊነሳ ነው። ኬሌቦኔ ከግድግዳው ተላቃ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ቲቸር» አለች እናቷ።

አሮጊቶቹ ሁሉ ዞሩ። እናቷ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ከእሑድ ወዲህ ዓይኗን ሰው ሲያየው ያን ጊዜ ነው።

«እዚያ ጋ ጫማ አለ» አለች። «ይዩት።»

መምህሩ አየው።

«ሰኞ እርስዎ ዘንድ ሊመጣ ነው የወለወለው። ቅዳሜ ለመቃብር እናደርግለታለን። እኔ ከዚህ መውጣት አልችልም። እርስዎ ከመጡ ግን እሱ እንደ መጣ ይቁጠሩልኝ። ልጄን ወደ ሒሳቧ ይመልሷት።»

«እንዴ!» አሉ ጆሮ የከዳቸው አሮጊት፤ ለዚህኛው ጆሯቸው አልከዳቸውም። «ፍራሽ ላይ ሆና?»

መምህር ማኬታ ኮፍያውን ጨመቀ። «እማማ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። አምስት ወር ወደ ኋላ ቀርታለች። ልትወድቅ ትችላለች። እዚያው ብትቆይ ጥሩ ነጥብ ይዛ ትጨርሳለች።»

«ጥሩ ነጥቡን ይዛ የት ትሄዳለች?»

ኬሌቦኔ ከአክስቷ ሸሸት አለች፤ አሁን ትጮህብናለች ብላ ነበር የጠበቀችው። ዲሴቦ ሻይ የያዘውን ትሪ መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇ ላይ ዱቄቱ ደርቋል።

«የኔ ልጅ ቴቦሆ ሰማንያ አምጥቶ ነበር» አለች፤ የተናገረችው ለግድግዳው ይመስላል። «በዚያው በሱቁ ሒሳብ። ሻንጣውን ተሸክሞ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የሒሳብ ሠራተኛ ልሆን ነው የመጣሁት አላቸው፤ በዚህ አንቀበልም አሉት። ለእናንተ ዘንድሮ እያረፈ ነው እላችኋለሁ። አላረፈም። የሰው መኪና ያጥባል።» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «ጻፍላት። በልቅሶ ቤት ተናገረች የሚሉ እንደሆነ እኔ እመልስላቸዋለሁ።»

መምህሩ ወጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ወረቀቱን ይዞት መጥቶ ነበር። እናቷ የመዝሙር መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አውጥታ ፈረመች። አሮጊቶቹ ጥግ ላይ ወደሚበራው ሻማ ዞረው ያላዩ መሰሉ።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ እኔ ክፍል» አላት መምህሩ በሩ ላይ። «ከትምህርት በኋላም ትቆያለሽ። ሠላሳ አንድ ይመጣል፤ ሃያም ሊመጣ ይችላል። እንዳትሸሺ።»

«እሺ» አለች። እስከዚያ ድረስ የፈራችው በሩ እንዳይዘጋባት ነበር፤ አሁን የምትፈራው ስለተከፈተ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ወንዶቹ አካፋውን እየተቀባበሉ አፈሩን መለሱ፤ ሴቶቹ በዝማሬ አጀቧቸው። ጋሽ ቴኮ መጨረሻ ላይ በራስጌው በኩል ስሙ የተጻፈበትን እንጨት ተከለ። ቀና ብሎ ከፊት አየው፣ ከጎን አየው፤ በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረገው።

ሰዉ ወደ አውቶቡሶቹ መሄድ ጀመረ። እናቷን ሁለት ሴቶች ደግፈው ወሰዷት።

ኬሌቦኔ እስከ መካነ መቃብሩ በር ከሰዉ ጋር ሄዳ ቆመች። ዞረች። ከዚያ ሁሉ ጉብታ መሃል እንጨቱ ከሩቅ ይታያል። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አልተነቃነቀም።

«ኬሌቦኔ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!» አለች አክስቷ ከኋላዋ።

«መጣሁ።»

ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። ከፍ አደረገቻቸው፣ ዝቅ አደረገቻቸው።