የሆድ መድኃኒት

ከአሰብ ናዝሬት ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ብጠየቅ ጉድጓዱን ሁሉ እነግራችኋለሁ። እኔ ንዋይ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ይህችን "ነበርኩ" የምትባል ቃል እስካሁን ስናገራት ያናድደኛል።

መተሐራን እንዳለፍኩ የኋላ ጎማ ስቀይር ክሪኩ ከዳኝና መኪናው ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ወረደ። ብረት ቢከዳ አያስቀይምም። የከብት መተላለፊያ ነበርና አፈሩም እበቱም ቁስሌ ውስጥ ገባ። ናዝሬት አምጥተው ሆስፒታል አስተኙኝ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ትነዳለህ አሉኝ፤ እኔም አመንኩ።

ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ግም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አጠገቤ የተኙት ሕመምተኞች በይሉኝታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ እንጂ አንድም ሰው ሸተትከን ያለኝ አልነበረም። የሚያክመኝ ዶክተር ሙሉብርሃን የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። ፋሻውን ሲፈታ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነበር። ከዚያ የቁስሉን ዳር በጣቱ ጫን ሲለው ከቆዳዬ ሥር ደረቅ ጨው ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል።

"አየር የማይወድ ተሕዋስ ነው" አለኝ። "አየር በማይደርስበት፣ በሞተ ሥጋ ውስጥ ሆኖ ነው የሚራባው። የሞተውን ሥጋ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ቁስሉን ክፍት እተወዋለሁ። ፔኒሲሊኑ ይቀጥላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍላጂል ያስፈልግዎታል፤ እኛ ጋ ደግሞ አልቋል። ከየትም ብለው ያስመጡ።"

ባለቤቴ ቡዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የአቦምሳ ልጅ ናት፣ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ያን ቀን ግን አፏን ከፈተች።

"ዶክተር፣ ፍላጂል የአሜባው መድኃኒት አይደለም እንዴ? ደም ለሚያስቀምጠው?"

"እሱ ራሱ ነው። አሜባውንም ያጠፋል፣ ይህንንም ያጠፋል። ከተቋረጠ ግን ይህ እግር አይተርፍም። እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ።"

"እሺ" አለች።

እንዴት ያለች አስተዋይ ሚስት አለችኝ ብዬ ኮራሁ። እኔ ሞኙ።

መድኃኒቱን ያመጣልኝ ሳሊህ ነው። ከሳሊህ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የምንነዳው፤ መኪና በረሃ ላይ ሲያቆመን አንድ ጀሪካን ውሃ ተካፍለን የጠጣን ሰዎች ነን። ነገሩን እንደሰማ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ውሎ፣ ሙሉ ቆርቆሮ ክኒን ይዞልኝ መጣ። "አንተ ብቻ ተነስልኝ ወላሂ" አለኝ። ቡዜ ቆርቆሮውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከውጭ የተገዛ መድኃኒት አስታማሚ እጅ ነበር የሚቀመጠው። ነርሷ ሰዓቱን ትናገራለች፣ ቡዜ ታወጣለች፣ እኔ እውጣለሁ።

መጀመሪያ ላይ አፌ ብረት ብረት አለኝ። ፍላጂልን አውቀዋለሁ፤ በየመንገዱ እየበላ አሜባ ያልያዘው ሹፌር የለም። ሽታው ቀነሰ፣ ትኩሳቴም በረደ። ዶክተሩ አሸተተና ፈገግ አለ። እኔ በሐሳቤ ሞተር ማስነሳት ጀመርኩ።

ከዚያ ከአፌ የብረቱ ጣዕም ጠፋ። ለቡዜ ነገርኳት።

"ለምደኸው ነው" አለችኝ።

ሽታው ተመለሰ። ትኩሳቱ ያስለፈልፈኝ ጀመር፤ ያ የጨው ድምፅም ወደ ጉልበቴ ወጣ። ዶክተር ሙሉብርሃን መጥቶ አሸተተና ፊቱ ጠቆረ።

"ክኒኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?"

"አንድም አላስቀረን" አለች ቡዜ። እኔም አዎ አልኩ።

"እንግዲያው መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆናል። ሌላ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ጊዜ ግን የለንም።"

ከጉልበቴ በላይ ቆረጡኝ።

ሳሊህ የአዋሽ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔም የተጠራቀመ ንዴቴን በሙሉ እሱ ላይ ደፋሁት። ከየትኛው ሌባ የገዛኸው ብስባሽ ነው፣ እግሬን የበላኸው አንተ ነህ፣ ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ አልኩት። "ንዋይ፣ እኔ?" ብቻ አለኝ። ብርቱካኑን ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቡዜ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ከዚያ አንዱን ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝና በላሁ።

በክራንች ቤቴ የገባሁ ሰሞን፣ ቡዜ ገበያ እንደወጣች የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሰው ወጣ። ክራንቼን ላነሳ ስል አወቅሁት፤ የቡዜ ታናሽ ወንድም ሁንዴ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ እኔ አቦምሳ ያለ ነበር የመሰለኝ። ሥጋው አልቋል፣ ግን በእግሩ ቆሟል። ተንበርክኮ እጄን ሳመኝ።

"ገለቶማ ጋሼ ንዋይ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። "እርስዎ ባይደርሱልኝ ሞቼ ነበር። ደም ነው ያስቀመጠኝ። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ያፍሱኛል። ቡዜ ቆርቆሮውን ይዛ መጥታ 'ንዋይ ነው የላከልህ፣ ለኔ ይበቃኛል ብሏል' አለችኝ።" ከዚያ የታጠፈውን ሱሪዬን አየ። "እግርዎ እንዲህ መሆኑን ግን አልነገረችኝም።"

የብረቱ ጣዕም የጠፋው ለዚህ ነበር፤ ኋላ ራሷ እንዳመነችልኝ፣ እኔ ስውጠው የሰነበትኩት አስፕሪን ነበር። ልጁን ልጠላው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ፤ የሚያውቀው ነገር የለም። የጠላሁት ያንን "ለምደኸው ነው" ያለኝን ድምፅ ነው።

የግቢው በር ሲንኳኳ ሁንዴ ወደ ጓዳ ሮጠ። ቡዜ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገባች፤ ከኋላዋ ጓድ አብተው ነበር። አብተው የቀበሌያችን ሹምም ጎረቤታችንም ነው። ራት ላይ ብቅ ሲል "የሚደበቀውም የሚደብቀውም አንድ ነው፣ ለሁለቱም ምሕረት የለም" እያልኩ እፎክርለት ነበር። ያን ዘመን የማይፎክር ማን ነበር? የምፎክረው አብተው እንዲሰማልኝ ነው። ለካ ቡዜም ወጥ እየጨመረች ትሰማኝ ኖሯል።

"እንኳን ለቤትህ አበቃህ ጓድ ንዋይ" አለ አብተው። "ግዳጅ ሆኖብኝ ነው። የቡዜ ወንድም ከአቦምሳ ጠፍቷል ተብሏል። እዚህ አልመጣም?"

ቡዜን አየኋት። ዘንቢሉን እንደያዘች ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ቀርታለች። አሳልፌ እንደምሰጠው አልተጠራጠረችም። ከእግሬ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነው፣ አልዋሽም።

"አልመጣም" አልኩት። "ቢመጣ እኔው አንቄ አመጣልህ ነበር፤ አሁን ግን ምን እግር አለኝ?"

አብተው አፍሮ አጉል ሳቅ ሳቀና ወጣ። የግቢው በር ሲዘጋ ቡዜ ፊቴ ወደቀች።

"የእናቴ ልጅ ነው፣ በእጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው" አለች። "እግርህ ደግሞ ሲሻለው አየሁ፣ የወሰድከው የሚበቃህ መሰለኝ። ብነግርህ ለአብተው ትነግረዋለህ ብዬ ፈራሁ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ ሳሊህ ሌላ ቆርቆሮ ያመጣ ነበር።"

እኔው ቀጠልኩ።

"ሳሊህን ሳባርረውስ? ያኔስ ማንን ፈርተሽ ነው?"

ይቅርታ ልትለምነኝ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇ ያረፈው በቀኜ፣ በባዶው ጨርቅ ላይ ነበር። እጇን ሰበሰበችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ምሳ በአንድ ትሪ ስታቀርብ "ለኔ ለብቻዬ አምጪልኝ" አልኳት።

ሁንዴ ክፉውን ዘመን አልፎ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ሳሊህ ጋ በክራንቼ ሄጄ እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰምቶ ሲያበቃ "ልጁ ተርፏል አይደል?" አለኝ። አሁን ቤቴ ሲመጣ ከኔ ትሪ ነው የሚበላው። ቡዜ አቅርባልን ጓዳ ትገባለች፣ የራሷን እዚያ ትበላለች። በአጠገቤ ስታልፍ፣ ለመንገደኛ እንኳ የሚባለውን "እንብላ" አልላትም።