ያዋስኩት አንገት

የእህቴ ልጅ ይግዛው ጭራቅ ልሥል ነው ሲለኝ ሳቅሁበት። እሱ የሚያውቀው መልአክ ነው። ዳባት ከመሪጌታ ያርጋል ዘንድ ተቀምጦ የተማረው ክንፍና አክሊል፣ ጎላ ጎላ ያለ ዓይን ነው። ሰይጣን ሣል ቢሉት እንኳ ሰይጣኑ ያምርበታል።

ነገሩ የመጣው ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ከጓድ ደምለው ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ደባርቅን በሰልፍ የሚዞር ትልቅ አቡጀዲ ይፈልጋል፤ በላዩም ኢምፔሪያሊዝም የሚሉት ጠላት አውሬ ሆኖ ይሣላል። ያየው ሁሉ ከደነገጠ ይግዛው የቀበሌው ሠዓሊ ተብሎ ከብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ይቀራል። የሚያስቅ ከሆነ ግን ከጓደኞቹ ጋር መኪና ላይ ይወጣል። አምና ከሰፈራችን የወጡት፣ ይኑሩ ይሙቱ እስካሁን የሰማ የለም። እህቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ ይህንኑ አንድ ልጅ ነው፤ እኔም ሌላ የለኝም።

ኢምፔሪያሊዝምን ደግሞ ማን አይቶት ያውቃል? ይግዛው ሄዶ ጓድ ደምለውን ቢጠይቅ፣ ጥፍር አለው፣ ደም ይጠጣል፣ ሌላውን አንተ ጨምርበት ብሎ ሰደደው።

ልጁ ማየት ጀመረ። እንዲያ ያለ ማየት አይቼ አላውቅም። በዚያ ጭቃ ቡይት ራስ ተራራ ድረስ ወጥቶ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ እየሣለ ዋለ። ጎረቤት በግ ሲያርድ ሽንፍላውን ለምኖ አመጣና መደብ ላይ ዘረጋው፤ ሰው ወጥ ይሠራበታል፣ እሱ ቅጠል ቅጠሉን እየገለጠ ያነበዋል። አንድ ቀን ደግሞ ዶሮዬን ይዞ ጣቶቿን ሲዘረጋና ሲያጥፍ አገኘሁት። እንቁላል ካቆመች አንተ ትጥልልኛለህ አልኩት።

ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ላይ ሣለው። የጭላዳ አፍ፣ የዶሮ እግር፣ የሽንፍላ ሆድ። ጎረቤቴ ውቢት አይታ፣ ይኼማ ገበያ ነው ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ስስቅ የልጁን ፊት አየሁና ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ፣ እትዬ አንቺን የሚያስፈራሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። ጅብ አልፈራም፤ ጅብ ያው ጅብ ነው። ግን ልጅ ሳለሁ ጀርባው ላይ አምስተኛ እግር ይዞ የተወለደ ጥጃ አይቻለሁ። እግሩ ደህና እግር ነው፣ ሰኮናውም ያምራል፤ ቦታው ነው የጠፋው። እሱን እስከ ዛሬ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል አልኩት።

ይግዛው የሚሥልበትን ከሰል አስቀመጠ። «ለካ ሰው የሚፈራው ባዕድ ነገር አይደለም» አለ፤ «የራሱ ነገር ቦታውን ሲስት ነው።»

የዶሮውንም የጭላዳውንም ደመሰሰና ሰው ሣለ፤ ተራ ሰው። መዳፉ ላይ ጥርስ አበቀለበት። ጉልበቱ ላይ ጆሮ ይውጣለት ያልኩት እኔ ነኝ። ወይ ጉድ፣ ጣፈጠኝ! ጌሾ መሸጤን ትቼ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ምላሱ ጣት ይኑረው፣ እምብርቱ ዓይን ይሁን እያልኩ ዋልኩ። ኃጢአት ይሁን አይሁን የነፍስ አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ክልክል ነው እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት።

አንገቱ ግን አልሆን አለ። ይሥላል፣ ይደመስሳል። አንድ ጧት ቀና ስል አንገቴን እያየ ነው።

እንቅርት አለብኝ። ደባርቅ ላይ ሸዋነሽ ብትሉ፣ ባለእንቅርቷ? የማይላችሁ የለም። በዚህ አገር ያለበት ብዙ ነው፤ የኔ ግን ተለቅ ይላል፣ ነጠላዬን ጠምጥሜበት ነው የምውለው። አንዱ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ብሎ ከተረተ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል።

ምን ታያለህ ስለው አቀረቀረ። እጁ ግን ቀድሞት ነበር፤ ከአውሬው አገጭ ሥር ክብ መስመር ጀምሯል። ደሜ ፈላ። አሳድጌህ አንገቴን ለሰልፍ ልታወጣው ነው ብዬው፣ ጌሾዬን ተሸክሜ ወጣሁ። ገበያ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስመለስ ክቡ ተደምስሷል። በቦታው ቀጭን የመልአክ አንገት ቆሟል። ጥርሱም ጆሮውም እንዳለ ነው፣ ግን ምኑም አያስፈራም፤ ያ አንገት ሁሉንም ጨዋታ አደረገው። ጓድ ደምለው በማግስቱ ሊያይ ይመጣል።

«ይቅር እትዬ፣ እዘምታለሁ» አለኝ፤ ገበያ ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው።

ጧት እሱ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲወጣ መስተዋቱን ከግድግዳው አወረድኩና ነጠላዬን ፈታሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ከእንቅርቴ ጋር አብረን ኖረን፣ ከአገጬ በታች አይቼ አላውቅም ነበር። በቀኝ በኩል ይከብዳል። በግራ ትንሽ እብጠት ተደርባበታለች፣ በመካከሉ ሰማያዊ የደም ሥር ይወርዳል። ስውጥ አብሮኝ ወጣ፣ ወረደ፤ ትንሿ እብጠት ልትናገር የከጀለች መሰለች። ገረመኝ፤ እያየሁት ደጋግሜ ዋጥኩ። ከዚያ ከሰሉን አነሳሁ። የመልአኩን አንገት ደምስሼ እብጠቱንም ሥሩንም እንዳየሁት ሣልኩ። ለትንሿ ግን ከንፈር ሰጠኋት።

ጓድ ደምለው አቡጀዲው ሲገለጥለት ወደ ኋላ ብሎ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። አብረውት የመጡትም አፈገፈጉ። ቀጥሎ ዓይኑ ከሥዕሉ ወደ እኔ መጣ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ አልጠመጠምኩትም።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ይህ...» አለና አፈረ።

«የኔ ነው» አልኩት። «እሱን ለአብዮቱ አውሻለሁ። ልጄን ግን አላውስም።»

መሬት መሬት እያየ፣ ሠዓሊው ይቀራል ብሎ ወጣ። ይግዛው እግሬ ላይ ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ እሱ ሥዕሉ ላይ ተደፍቷል። ዓይኑን እየጠረገ፣ ያችን ከንፈር ከየት እንዳመጣኋት ጠየቀኝ። ወደ በሩ ብርሃን ና አልኩትና፣ አገጬን ቀና አድርጌ ዋጥኩለት።