ሚሊሜትር ለፈተና ሲዘጋጅ

በስፌት ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የምታውቀው የደመወዝ ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ሥራው ጨርቅ መቁረጥ ነው። ሰማንያ ጨርቅ አንዱ ባንዱ ላይ ይነጠፋል፤ ከላይ ንድፉ ይሣልበታል፤ እሱ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ይዞ ይገባበታል። እዚያ ላይ እጅ አንዴ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ አይደለም፣ ሰማንያ ሸሚዝ ነው። ስለዚህ ሰው አንዴ ሲለካ እሱ ሦስቴ ይለካል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ እጅጌ አጥሮበት አያውቅም።

ችግሩ እጁ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ጋር የኖረው ቀኝ እጁ አሁን አሁን እየደነዘዘ፣ ዕቃ መያዝ አለመያዙን በዓይኑ አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። ሐኪሙ «ከዚህ ዓመት በኋላ ከቀጠልክ ከጨርቁ ጋር ጣትህንም ትቆርጣለህ» አለው። ይህን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አሠሪያቸው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴትዮ፣ ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«አዲስ ቅርንጫፍ ልከፍት ነው። ሥራ አስኪያጅ ከውጭ አላመጣም፣ ከእናንተው ነው። ግን የማታ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የሚገባ መሆን አለበት። የመግቢያ ፈተናው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያለፈ ይሾማል።»

እጅ ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የማሸጊያ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ይህ ሰው ካርቶን ሲያሽግ አይቆጥርም፤ «ቢጎድል ደንበኛው ራሱ ይናገራል» ይላል። ምን ቢጠይቁት መልሱ «እንደ ፍጥርጥሩ» ስለሆነ ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ።

«ወንድሜ፣ አንተ ለክተህ እስክትጨርስ እኔ እመረቃለሁ» አለና የሚሊሜትርን ትከሻ መታ አደረገው።

ቅዳሜ ሚሊሜትር ቤት የእህቱ ልጅ መጣች። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ፈተና አልፋ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ናት። ጡብ የሚያህል መጽሐፍና አንድ የሙከራ ፈተና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት።

«አጎቴ፣ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ምንም ሳታጠና የሙከራ ፈተናውን ትሠራለህ።»

«ሳላጠና?»

«ሳታጠና።»

«ብወድቅስ?»

«ለዚህ እኮ ነው! የት ጋ እንደቆምክ እንድታውቅ።»

ለሚሊሜትር ሳያጠኑ መፈተን ሳይታጠቡ ሐኪም ቤት እንደመሄድ ሆነበት። እሷ ስትወጣ የሙከራ ፈተናውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ በሙከራው ላይ እንዳያፍር ጥናቱን ጀመረ። ስድስት ሳምንት እንዲህ አለቀ።

«ሰውዬ፣ ፈተናው መቼ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ገና ነው። መጀመሪያ ለሙከራው ልዘጋጅ።»

«ለዝግጅቱ ዝግጅትስ ሌላ ዝግጅት የለውም?»

በሰባተኛው ሳምንት የእህቱ ልጅ መሳቢያውን አስከፍታ አስቀመጠችው። ሠላሳ ጥያቄ በስልሳ ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ የሠራው ዘጠኝ ነበር።

«ዘጠኙም ልክ ናቸው!» አለ ፊቱ በርቶ።

«ሃያ አንዱ ግን ባዶ ነው።»

«ያጠረው ጊዜው ነዋ! እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አጎቴ፣ ባዶ የተተወ ጥያቄ ከተሳሳተው የባሰ ነጥብ ያስቀንሳል። ሁለት ደቂቃ ካለፈህ ገምተህ እለፍ።»

«ልገምት?» አለ። ፊቱ የጎረቤት ዶሮ ስረቅ የተባለ ሰው ፊት መሰለ።

አልሆነላትም። እስቲ በሌላ መንገድ ልሞክር ብላ የስህተት ደብተር እንዲይዝ መከረችው፤ የሳተውን ሁሉ ከነምክንያቱ እንዲጽፍበት። ይህ ደስ አለው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛ፤ ኅዳጉን በቀይ አሰመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትገልጠው ገጹ ሁሉ እንደ ሠርግ ጥሪ የጸዳ ነው፦ ጥያቄው፣ አሠራሩ፣ ከሥሩ የተሰመረበት ትክክለኛ መልስ።

«ስህተቶቹ የታሉ?»

«አረምኳቸዋ! ስህተት በደብተር ይቀመጣል እንዴ?»

«የቱ ጋ እንደተሳሳትክ ነው እኮ ማየት የምፈልገው!»

«አሁን የትም ጋ የለም። ሦስቴ ነው ያየሁት።»

ልጅቷ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለች ሚስትየው። «የናንተው ዘር ነው። እኔ በጋብቻ ነው የገባሁት።»

ፋብሪካ ውስጥም ቢሆን እረፍት የለውም። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ፍጥርጥሩ ሳህኑን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል።

«ስንት ምዕራፍ ደረስክ?»

«ስድስት። አንተስ?»

«መጽሐፉን ገዝቻለሁ። ፕላስቲኩን ግን ገና አልቀደድኩትም።»

ሚሊሜትር ይህን ሲሰማ ልቡ ትንሽ ያርፋል። መቁረጫውን ሲያነሳና ጣቶቹ እጀታውን አልሰማ ሲሉት ደግሞ መልሶ ይጨነቃል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ በየስክሪኑ ጥግ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ጥያቄ የዋጋ ቅናሽ ነበር። ሠራው። በሌላ ዘዴ ደገመው። ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ጥያቄው ተመልሶ አመሳከረው። ልክ ነው። ከፊቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንደ ፍጥርጥሩ ማውሱን እንደ በቆሎ ፈንድሻ ያንጣጣዋል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ብድግ አለ።

«ጨርሰሃል?» አለው ፈታኙ ግራ ገብቶት።

«እንደ ፍጥርጥሩ» ብሎ ወጣ።

ሚሊሜትር ቀና ሲል አራት ደቂቃ ቀርቶታል። አሥራ ስምንት መልሷል፤ አሥራ ሁለት ይቀራል። ባዶ ልተዋቸው ብሎ አሰበ። አሥራ ስምንት ንጹሕ መልስ አስረክቦ ቀጥ ብሎ መውጣት! ከዚያ ማውሱ ላይ ያለውን እጁን አየው። መጫን አለመጫኑን ለማወቅ እያየው ነበር። ከዚህ አዳራሽ ባዶውን ከወጣ ነገ የሚጠብቀው ያው መቁረጫ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ መቁረጫውም የለም።

ጥያቄውን ሳያነብ ከአራቱ ሦስተኛውን ምርጫ ተጫነ። ቀጣዩንም ሦስተኛውን። አሥራ ሁለት ጊዜ። ንድፍ ሳይሠራ፣ ሜትር ሳይዘረጋ፣ ሰማንያ ጨርቅ ላይ መቁረጫ የለቀቀ ያህል ላቡ በጀርባው ወረደ።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት ተለጠፈ። ሚሊሜትር ለጥቂት አልፏል። እንደ ፍጥርጥሩ ወድቋል፤ ቢሆንም ቂም የለውም፣ መጥቶ ጨበጠው።

«እኔ ሁሉንም ገመትኩ፣ የእጄን አገኘሁ። አንተ ግን ለፍተህበታል፣ ይገባሃል!»

ሚሊሜትርም አሥራ ሁለቱን ገምቷል። ልዩነታቸው የአሥራ ስምንት ጥያቄ ብቻ መሆኑን ለማን ይናገረዋል? ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ተናዘዘላት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለች። «እኔንስ ስታገባ ለክተህ ነው? ሁለት ቀን አይተኸኝ አይደል ላግባሽ ያልከው?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ያኔ አራት ምርጫ አልነበረኝም።»

የያዘችውን ፎጣ ወረወረችበት። እሱ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ጠዋት ሜትሩን እንደለመደው አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የእትዬን ቢሮ አንኳኳ። ስልክ ይዘዋል፤ መናገሪያውን በመዳፋቸው ሸፈኑና «በል» አሉት።

«እትዬ፣ ሹመቱን ሳልቀበል አንድ ነገር ልንገርዎት። አሥራ ሁለቱን ጥያቄ ሳላነብ ነው የመለስኩት።»

«ከስንት?»

«ከሠላሳ።»

እትዬ ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«አሥራ ስምንቱን አውቀህ ነው የሠራኸው? እኔ ይህን ፋብሪካ ስከፍት ሁለቱን እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን ስማኝ፤ ደንበኛው መስመር ላይ ነው። ለትምህርት መክፈቻ ስንት ዩኒፎርም ይበቃሃል ልበለው? እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

«መቼ ልንገርዎት?»

«አሁን።»

እጁ ወደ ሜትሩ ሄደ። ቢሮው ውስጥ የሚለካ ነገር አልነበረም።

«አራት ሺህ» አለ። ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ራሱም ደነገጠ።

እትዬ መዳፋቸውን ከስልኩ ላይ አነሡ።

«አራት ሺህ» አሉ። «ሥራ አስኪያጃችን በጥንቃቄ አጥንቶበታል።»